አስተዋዋቂዋ «እኔም ቤት አለ» ስትል፦ በነጻ የተሰጠ ዕቃና የገዢ እምነት

«ይሄ እኔም ቤት አለ፤ በየቀኑ ነው የምጠቀምበት።» ዕቃ በስክሪን እያሳየ የሚሸጥ የቴሌቪዥን ግብይት ቻናል የሚከታተል ሰው ይህን ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል። የማይነገረው ዕቃው እንዴት ቤቷ እንደገባ ነው። ከኪሷ ከፍላ ነው፣ በሠራተኛ ቅናሽ ነው፣ ወይስ አምራቹ «ሞክሪው» ብሎ ልኮላት?

በነጻ እንደተሰጣት ሲታወቅ ተመልካቹ ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ «ለካ ሁሉም ውሸት ነበር» ብሎ ይቀየማል። ገሚሱ ደግሞ «ሥራዋ አይደል እንዴ!» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ነገሩን አቅልለውታል። በነጻ የተሰጠ ዕቃ አንዳንዱን ቃል ምንም አይነካውም፤ አንዳንዱን ግን ዋጋ ያሳጣዋል። የትኛውን እንደሆነ ለማወቅ ሥራው ከውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ የምናወራው በዋናነት ስለ አሜሪካ ነው፤ ሥራው የተጀመረው እዚያ ነው፣ ደንቡም በዝርዝር የተጻፈው እዚያ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የግብይት ቻናል ገንዘቡን የሚያገኘው ከየት ነው?

በ1977 ፍሎሪዳ ውስጥ ሎውል ፓክሰን በሚመራው ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ላይ ማስታወቂያ ያስነገረ አንድ ደንበኛ ጥሬ ገንዘብ አጥሮት ዕዳውን በ112 የቆርቆሮ መክፈቻ ከፈለ። የጣቢያው አስተዋዋቂ ቦብ ሰርኮስታ መክፈቻዎቹን በአየር ላይ በ9 ዶላር ከ95 ሳንቲም አቀረባቸው፤ አንድም አልተረፈም። ፓክሰን ከሮይ ስፒር ጋር ሆኖ በ1982 የኬብል ግብይት ቻናል ከፈተ። ቻናሉ በ1985 በመላ አገሪቱ መተላለፍ ጀመረ፤ ዛሬ ኤችኤስኤን የሚባለው እሱ ነው። በ1986 ጆሴፍ ሲገል ፔንስልቬንያ ውስጥ ኪውቪሲ የተባለውን ሌላ የግብይት ቻናል መሠረተ፤ በ2017 ደግሞ የኪውቪሲ ባለቤት ኩባንያ ኤችኤስኤንን ጠቅልሎ ያዘው። ዘርፉ እንግዲህ ከመነሻውም በገንዘብ ፋንታ ከተሰጠ ዕቃ የተወለደ ነው።

የግብይት ቻናል ሌሊት ላይ ከሚተላለፈው የግማሽ ሰዓት ማስታወቂያ ይለያል። በግማሽ ሰዓቱ ማስታወቂያ አምራቹ የአየር ሰዓት ይገዛል፤ ጣቢያው ቢሸጥም ባይሸጥም ገንዘቡን አግኝቷል። የግብይት ቻናል ግን ነጋዴ ነው። ዕቃውን ከአምራቹ በጅምላ ይወስዳል፣ በራሱ ዋጋ ይሸጣል፣ ትርፉን ይይዛል። ብዙ ጊዜ ውሉ «ያልተሸጠው ይመለሳል» የሚል ስለሆነ ዕቃው መጋዘን ቢከርም ኪሳራው የአምራቹ ነው። አምራች አስተዋዋቂዋን ደስ ለማሰኘት የሚሮጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእሷ ዐሥር ደቂቃ ላይ የወራት ምርቱ ተንጠልጥሏል።

በስክሪኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዎች አሉ፣ ተመልካቹም ያምታታቸዋል። አንዷ የቻናሉ አስተዋዋቂ ናት። ሌላው እንግዳ ይባላል፤ አምራቹ ራሱ ወይም አምራቹ የሚከፍለው ሰው ነው። የእንግዳው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ብዙ ሲሸጥ ብዙ ያገኛል። አስተዋዋቂዋ ግን እንደ ኪውቪሲ ባሉ ትልልቅ ቻናሎች ደመወዝተኛ እንጂ በተሸጠው ልክ ኮሚሽን የምትበላ አይደለችም። ይህ ማለት ግን ስለ ሽያጩ ግድ የላትም ማለት አይደለም። ፕሮግራሙን የሚመራው ሰው በጆሮዋ ባስገባችው ማዳመጫ የገዢዎች ትዕዛዝ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ይነግራታል፤ ሥራዋ የሚለካው በየደቂቃው በሚገባው ዶላር ነው፤ የተሻለ ሰዓት የሚሰጣትም በዚያው ልክ ነው።

ለምን በነጻ ይሰጧታል?

ቀላሉ ምክንያት ተገቢም ነው፦ በእጇ ያልነካችውን ዕቃ ማስረዳት አትችልም። ክዳኑ በአንድ እጅ ይከፈታል? ዚፑ ይይዛል? ጫማው ከቁጥሩ ይጠባል? ጠያቂ ደንበኛ በስልክ ሲገባ «አላውቅም» ብትል ሽያጩ እዚያው ይቆማል፤ ገምታ ብትመልስ ደግሞ ዕቃው በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ዕቃ አየር ላይ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ናሙና ይበላል። መጀመሪያ ለቻናሉ የግዢ ሠራተኛ ይላካል። ቀጥሎ ለጥራት ክፍል፤ እዚያ ይታጠባል፣ ይጣላል፣ ይለካል፣ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ከውስጡ ጋር ይመሳከራል። ሦስተኛው ለመድረኩ ነው፤ በቀለሙና በቁጥሩ ሁሉ አንድ አንድ፣ ለሞዴሎቹም ጭምር። አራተኛው አስተዋዋቂዋ ቤቷ ወስዳ የምትሞክረው ነው። ስርጭቱ ሲያልቅ የተከፈተው ሁሉ አዲስ ተብሎ አይሸጥም። ስለዚህ ወይ ለአምራቹ ይመለሳል፣ ወይ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል፣ ወይ ለሠራተኛ በርካሽ ይሸጣል፣ ወይም «ውሰጂው» ይባላል። ምርጫው በየድርጅቱ መመሪያ ይለያያል።

ስለዚህ «እኔም ቤት አለ» ከሚለው ቃል ጀርባ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ፦ በውሰት የተሰጠና የሚመለስ፣ ከስርጭት የተረፈ፣ በቅናሽ የተገዛ፣ ወይም አምራቹ ለምስጋና (አለዚያም ለተስፋ) ቀጥታ ወደ ቤቷ የላከው። በቅናሽም ቢሆን የገዛችው ትንሽ ይመሰክራል፤ ከብዙ ዕቃ መካከል ያንን መርጣ ገንዘብ አውጥታበታለች። ከስርጭት የተረፈው ስለ ምርጫዋ የሚነግረን ነገር የለም። ቤቷ ድረስ የተላከው ግን ጉዳዩን ይለውጠዋል፤ የሰጠው ሰው ነገም ከጎኗ የሚቆም ነው።

አንድ ክሬም ወይም አንድ መጥበሻ የሰውን ቃል ይለውጣል?

ትንሽ ስጦታ ትንሽ ተጽዕኖ ብቻ አላት ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ስለ አስተዋዋቂዎች ሳይሆን ስለ ሐኪሞች የተሠራ ጥናት ግን ቆም ብሎ ያሳስባል። በ2016 ወደ 280 ሺህ የሚጠጉ አሜሪካውያን ሐኪሞችን መዝገብ ያገላበጡ ተመራማሪዎች፣ ከመድኃኒት ኩባንያ አንድ ምግብ ብቻ የተጋበዙት እንኳ ካልተጋበዙት ይልቅ የዚያን ኩባንያ መድኃኒት በብዛት እንደሚያዙ አገኙ። የምግቡ አማካይ ዋጋ ከ20 ዶላር በታች ነበር። ጥናቱ ምግቡ ራሱ ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ግን ያሳያል። እነዚያ ሐኪሞች ስለ ጉዳዩ ቢጠየቁ ብዙዎቹ «በፍጹም አልተነካሁም» እንደሚሉ መገመት አይከብድም። ውለታ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቀው።

ከውለታው ይልቅ ግን ሳይታይ የሚያልፈው የዋጋ ጉዳይ ነው። በነጻ ያገኘ ሰው ስለ ዕቃው እውነቱን ቢናገር እንኳ የሚያወራው ስለ ሌላ ስምምነት ነው። 149 ዶላር የሚሸጥ የድስት ስብስብ አለ እንበል። እሷ «በጣም ጥሩ ነው» ስትል፣ ዜሮ ዶላር ለተከፈለበት ድስት ነው። እናንተ የምትጠይቁት ግን 149 ዶላር፣ በዚያ ላይ ማጓጓዣ፣ ባይስማማችሁ ደግሞ መልሶ የመላኪያ ወጪ ይገባዋል ወይ የሚለውን ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ልትሰጥ የምትችለው ዋጋውን የከፈለች ሴት ብቻ ናት።

ብዛትም አለ። መደርደሪያዋ ላይ ዐሥራ ሁለት የፊት ክሬም ያላት አስተዋዋቂ ቆዳዋ ያማረው በየትኛው እንደሆነ እሷም አታውቅም። መጥበሻው መላጥ ሲጀምር ሌላ ይመጣላታል፤ ስለዚህ በስምንተኛው ወር ምን እንደሚሆን አታይም።

ናሙናው ራሱም እንደ ሌላው ላይሆን ይችላል። ማር ገበያ የወረደ ሰው እንደሚያውቀው ሻጩ የሚያስቀምሰው ከእንስራው አፍ ላይ ነው፤ ቅልቅሉ ያለው ከሥር ነው። ፋብሪካም ለቻናሉ የሚልከው የመጀመሪያ ናሙና በእጅ የተመረጠ፣ ስፌቱ ሁለቴ የታየ ይሆናል። ጭነቱ ሲደርስ በብዛት ይመረመራል፣ ግን ሁሉም አይደለም። በዓለም ላይ በስፋት በሚሠራበት የናሙና ፍተሻ ሰንጠረዥ 5 ሺህ ፍሬ ካለው ጭነት 200 ያህል ይፈተሻል። ለዋና ጉድለት በተለመደው መለኪያ ከ200ው እስከ 10 ድረስ ጉድለት ቢገኝባቸው ጭነቱ ያልፋል፤ የሚመለሰው 11 ሲሞላ ነው። የአስተዋዋቂዋ ዕቃ ከ10ሩ አንዱ አይሆንም። የእናንተ ሊሆን ይችላል።

ሕጉ «በነጻ ነው ያገኘሁት» እንድትል ያስገድዳታል?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለ ምስክርነት ማስታወቂያ ያወጣው መመሪያ አለ፤ በ1980 ወጥቶ በ2009ና በ2023 ተሻሽሏል። መመሪያው በመስካሪውና በሻጩ መካከል ተመልካቹ የማይጠብቀው፣ ቢያውቀው ግን ለቃሉ የሚሰጠውን ክብደት የሚለውጥ ግንኙነት ካለ በግልጽ ይነገር ይላል። ገንዘብ፣ ዝምድና፣ በነጻ የተሰጠ ዕቃ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ቁልፉ «የማይጠብቀው» የሚለው ነው። በግብይት ቻናል ላይ የቆመች አስተዋዋቂ ለመሸጥ እንደምትከፈል ማንም ያውቃል። ስለዚህ እዚያው መድረክ ላይ ስለ ነጻ ናሙናው ዝም ማለቷ ብቻውን ጥፋት ሆኖ ላይቆጠር ይችላል። ያው ሰው በግል የኢንስታግራም ገጿ ላይ ያንኑ ክሬም ብታሞግስ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ተከታዩ የጓደኛ ምክር እየሰማ ይመስለዋልና መግለጽ አለባት። መመሪያው ራሱ ተመሳሳይ ምሳሌ ይሰጣል፦ ዝነኛ የቴኒስ ተጫዋች በቴሌቪዥን የቃለ መጠይቅ ፕሮግራም ላይ ቀርባ ዓይኗን ያከመላትን ክሊኒክ ብታመሰግን፣ ከክሊኒኩ ጋር ውል ካላት መናገር አለባት፤ በመደበኛ ማስታወቂያ ላይ ብትታይ ግን ሰው እንደተከፈላት ስለሚገምት ግዴታው አይኖርም።

ሌላው የመመሪያው አንቀጽ የበለጠ ጥርስ አለው። ማስታወቂያ አንድን ሰው «ይጠቀምበታል» ብሎ ካቀረበ፣ ሰውየው ምስክርነቱን በሰጠበት ጊዜ እውነተኛ ተጠቃሚ መሆን አለበት። ሣጥኑን ያልከፈተች ሴት «በየቀኑ» ካለች ችግሩ ስጦታው አይደለም፤ ውሸቱ ነው።

ለመደበኛ ስርጭት ደግሞ የኮሙኒኬሽን ሕጉ አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የሬዲዮ አስተዋዋቂዎች ዘፈን ለማጫወት ጉቦ ሲቀበሉ ከተጋለጡ በኋላ በ1960 ተጠናከረ። አንድ ሠራተኛ በፕሮግራም ውስጥ ነገር ለማስገባት ብሎ ገንዘብም ሆነ ዋጋ ያለው ዕቃ ከተቀበለ ለጣቢያው አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ካልሆነ እስከ 10 ሺህ ዶላር ቅጣትና እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊያስከትል ይችላል። ለፕሮግራሙ መገልገያ ብቻ በነጻ የተሰጠ ዕቃ ከዚህ ነጻ ነው፤ በምላሹ ከተገቢው በላይ ስሙ እንዲነሳ ከተፈለገ ግን ነጻነቱ ይቀራል።

ተግባር ላይ ሲታይ በስጦታ ዝምታ የተከሰሱት ይበልጥ የማኅበራዊ ሚዲያ ዘመቻዎች ናቸው። ሎርድ ኤንድ ቴይለር የተባለው የልብስ መደብር ለ50 የፋሽን ሰዎች አንድ ዓይነት ቀሚስ በነጻ ሰጥቶ፣ በላዩ ከ1 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዶላር ከፍሎ፣ ግንኙነቱ ሳይገለጽ ኢንስታግራም ላይ እንዲለጠፍ በማድረጉ ከኮሚሽኑ ጋር በ2016 በስምምነት ጨርሷል። የግብይት ቻናሎች የተቀጡት በአብዛኛው በሌላ ነገር ነው፦ በተናገሩት። ኪውቪሲ ስለ ክብደት መቀነሻ እንክብሎች፣ ኃይል ሰጪ ስለተባለ ምግብና ስለ ቆዳ ቅባት ያለ ማስረጃ ተናግሯል ተብሎ በ2009 በድምሩ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ 6 ሚሊዮኑ ለደንበኞች ካሳ፣ 1.5 ሚሊዮኑ የመንግሥት ቅጣት።

ከተናገረች በቃ ማለት ነው?

የሚያሳዝነው አይበቃም። በ2005 ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰዎችን በሁለት ከፈሉ። አንዱ ወገን ሳንቲም የሞላበት ብልቃጥ ከሩቅ አይቶ በውስጡ ስንት እንዳለ ይገምታል፤ ሌላው ቀርቦ አይቶ ይመክረዋል። ከመካሪዎቹ አንዳንዶቹ ገማቹ ከፍ ያለ ቁጥር ሲናገር የበለጠ ይከፈላቸው ነበር። ይህ ጥቅማቸው ለገማቾቹ ሲነገር መካሪዎቹ ቁጥሩን ከበፊቱም አብልጠው አናሩት፤ «ነግሬዋለሁ፣ ራሱ ይጠንቀቅ» የሚል ስሜት ሳያድርባቸው አልቀረም። ገማቾቹም ምክሩን ቀነስ አድርገው ወሰዱ፤ የቀነሱት ግን ከተጋነነው ያነሰ ነበር። ስለዚህ «ይህን ከድርጅቱ በስጦታ ነው ያገኘሁት» የሚል አስተዋዋቂ ሐቀኛ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቃሉ ግን በዚያ ምክንያት የበለጠ እውነት አይሆንም።

ታዲያ ከምትናገረው የትኛውን ልያዝ?

ካሜራ የሚያሳየውንና ጊዜ ብቻ የሚያሳየውን ለዩ። የቦርሳው ኪስ ብዛት፣ የድስቱ ክብደት፣ ዚፑ ወዴት እንደሚከፈት፣ ጫማው እንደሚጠብ፦ እነዚህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ዕቃውን በነጻ ማግኘቷም አይለውጣቸውም። እንዲያውም ናሙና ባይሰጣት ኖሮ ይህን አታውቅም ነበር። «ዓመታት ይቆያል»፣ «መጨማደዱን ያጠፋል»፣ «በዚህ ዋጋ የትም አይገኝም» የሚሉትን ግን ወደ ጎን አድርጓቸው።

ካሜራ የሚያሳየውም ሁሉ እንደሚታየው አይደለም። የሞዴሏ ቀሚስ ከጀርባ በመያዣ ተሰብስቦ ሊሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ ከፊት ብቻ የምትታይ ከሆነ ጠርጥሩ። ምግብ አይዝም የተባለ መጥበሻ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እንቁላል ያንሸራትታል፤ ወሳኙ ከፍ ባለ እሳትና በብረት ጭልፋ ከከረመ በኋላ ያለው ነው። ቫኪዩም (አቧራ መምጠጫ) የሚታየው ወለል ላይ በተበተነ ደረቅ እህል ነው፤ ይህ ምንጣፍ ውስጥ የገባ ፀጉር የሚፈትነውን ያህል አይፈትነውም። ጌጥ በስክሪን ሲቀርብ ይገዝፋል፤ በሚሊ ሜትር የተጻፈውን አንብቡና በማስመሪያ ጣታችሁ ላይ ለኩት።

የመመለሻ ቀኑንም ከተባለው ውጤት ጋር አስተያዩት። ኪውቪሲና ኤችኤስኤን 30 ቀን ይሰጣሉ፤ ክሬሙ ግን «በስምንት ሳምንት ውስጥ» ከተባለ ውጤቱን የምታዩት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ዕቃው እንደደረሰ ሣጥኑን ሳትቀድዱ ክፈቱ፣ ፎቶ አንሱ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ቀናት ከተለመደው በላይ ተጠቀሙበት። ደረሰኝና መለያ ወረቀቱን አትጣሉ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ማጓጓዣ አይመለስም፤ ይህን ከዋጋው ጋር ደምራችሁ ነው መወሰን ያለባችሁ።

አሜሪካ ያለ ሰው «በሦስት ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብት አለኝ» ብሎ እንዳይዘናጋ፤ ያ ደንብ ቤት ለቤት ለሚደረግ ሽያጭና ለመሰል ነው፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ብቻ ያለቀ ግዢን አይሸፍንም። በእንግሊዝና በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከርቀት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ሊመለስ ይችላል። እስራኤልም 14 ቀን ነው፤ የመሰረዣ ክፍያው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም ከ100 ሸቀል ካነሰው አይበልጥም። እዚያ ላሉ አዲስ ገቢዎች ግን የተለየ ነገር አለ፣ ብዙ ቤተሰብ ሳይጠቀምበት ያልፋል፦ የአዲስ ገቢነት ማስረጃ ካገኙ አምስት ዓመት ያልሞላቸው፣ እንዲሁም አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች፣ በግዢው ወቅት ከሻጩ ጋር ንግግር ከነበረ (በስልክ የታዘዘ ዕቃ ማለት ነው) እስከ አራት ወር ድረስ መሰረዝ ይችላሉ።

ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የሚሸጡትስ?

ቀጥታ ስርጭት ከፍቶ ሽቶና ቅባት የሚሸጥ ሰው የአስተዋዋቂዋንና የእንግዳውን ቦታ አንድ ላይ ይዟል። ዕቃውን በነጻ ያገኛል፣ በተሸጠው ልክም ብዙ ጊዜ ኮሚሽን አለው፣ ከመሐል ግን የጥራት ክፍልም የመመለሻ መጋዘንም የለም። በኢትዮጵያ በ2012 የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ (ቁጥር 759/2004 በእኛ አቆጣጠር) ማስታወቂያ ከመደበኛው ፕሮግራም ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ግን ጨዋታው የት አልቆ ማስታወቂያው የት እንደጀመረ ለመለየት ይቸግራል። እንዲህ ያለ ሻጭ ጋ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት በጽሑፍ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዕቃውን ራስህ ገዝተኸው ነው ወይስ ተሰጥቶህ፣ ስንት ጊዜ ተጠቅመህበታል፣ ካልተስማማኝ የት አድራሻ ነው የምመልሰው? ብዙዎቹ ሁለቱን ቶሎ ይመልሳሉ። ለሦስተኛው መልስ ካጣችሁ ክፍያውን አቁሙት።